ከኦፕሬተሩ ወንበር አጠገብ

የመቆጣጠሪያ ክፍል ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያዋን መስመር ከመጻፉ በፊት ከኦፕሬተሩ አጠገብ ተቀምጦ ፈረቃ መዋል፣ ካስፈለገም ማደር አለበት። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት መካነ ኢየሱስ ነው። ዛሬ በሰው አገር እንጀራዬ ይህ ነው፤ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን አፍጥኖ የሚያስወነጭፈውን መሣሪያ፣ አክስለሬተሩን፣ ሌት ተቀን ለሚጠብቁ ኦፕሬተሮች ሶፍትዌር እሠራለሁ።

ይህ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ምኑ ነው? የካንሰር ጨረር የሚሰጠው ዘመናዊ ማሽንም አክስለሬተር ነው፤ በመጠን ያንሳል እንጂ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ያውም በኮባልት ማሽን። ኋላ ሊኒየር አክስለሬተር እዚያም፣ ጅማም፣ ሐሮማያም ገባ። ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ የተነሳች ታማሚ ባሕር ዳርን አልፋ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳና ወጥታ አዲስ አበባ ስትደርስ ሕክምናው በአንድ ቀን አያልቅላትም፤ ሳምንታት ይፈጃል። በተራዋ ማሽኑ ላይ ስትጋደም ሁሉም ትቷት ይወጣል፣ ወፍራሙ በር ይዘጋል። ከግድግዳው ማዶ ስክሪን የሚያይ ባለሙያ አለ። የሚያምነው ያንን ስክሪን ነው።

ስክሪን ሲዋሽ ምን እንደሚሆን የቴራክ-25 ታሪክ ያሳያል። ካናዳ የተሠራው ይህ የጨረር ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት ስድስት ሰዎችን ከመጠን ባለፈ ጨረር መታ። ከእሱ በፊት የነበሩት ማሽኖች ጨረሩ ያለ ልኩ እንዳይለቀቅ የሚያግድ የራሳቸው መቆለፊያ ነበራቸው፤ በቴራክ-25 ግን ያ አደራ በአብዛኛው ለሶፍትዌሩ ተሰጠ። ኦፕሬተሮች የሐኪሙን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ መጻፍ ሥራ አጓተተብን ብለው ሲያመለክቱ፣ አምራቹ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ እንዲያልፍ አደረገላቸው። አቤቱታው ተሰማ፤ የጣታቸውን ፍጥነት ግን አጠገባቸው ሆኖ ያየ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 በቴክሳሷ ታይለር ከተማ ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ኦፕሬተር የጨረሩን ዓይነት ስታስገባ ‹ኢ› (ኤሌክትሮን) ልትል ‹ኤክስ› (ኤክስሬይ) ብላ ጻፈች፤ ወዲያው አይታ አረመችው። ማሽኑ ማግኔቶቹን ለማስተካከል ስምንት ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ የእሷ እርማት ከዚያ ቀድሞ ስላለቀ ፕሮግራሙ በቅጡ አልያዘውም። ስክሪኑ ላይ ‹ማልፈንክሽን 54› የሚል ወጣ። ትርጉሙ በመመሪያው መጽሐፍ አልተብራራም። የጨረር መለኪያው ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ከታዘዘው እጅግ ያነሰ መጠን አሳየ። እሷም ጨረሩ ጎደለ ብላ ‹ቀጥል› የሚለውን ቁልፍ ጫነች። በዚያ ቀን የክፍሉ ካሜራም የድምፅ መገናኛውም አይሠሩም ነበር። ታካሚው ከወራት በኋላ ሞተ። በሦስት ሳምንቱ እዚያው ሆስፒታል በሌላ ሰው ላይ ተደገመ።

ጥፋቱ የተገኘው እንዴት መሰላችሁ? የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ፍሪትዝ ሄገር ከዚያችው ኦፕሬተር ጋር ተቀምጦ፣ እሷ በምትጽፍበት ፍጥነት ደጋግመው ሞክረው ነው። ያችን ሴት የሚወቅስ ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ይከነክነኛል። ነቅታ ነበር፤ ስሕተቷንም ራሷ አርማለች። መጠየቅ ያለበት ‹54› ብሎ ጽፎ የሄደው ነው።

በትልልቅ የምርምር አክስለሬተሮች ዘንድ ኤፒክስ የሚባል የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በሰፊው ይሠራበታል። አሜሪካ ውስጥ በሎስ አላሞስና በአርጎን ቤተ ሙከራዎች ትብብር የተጀመረ ነው። እኔ የምወድለት አንድ ጠባይ አለው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ማስጠንቀቂያ ይዞ ይጓዛል። መለኪያው ከተበላሸ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ ቁጥሩ የማይታመን ተብሎ ምልክት ይደረግበታል፤ ስክሪኑ በአግባቡ ከተሠራ ኦፕሬተሩ ያንን በቀለሙ ይለየዋል። ‹አላውቅም› ማለት የሚችል ማሽን ማለት ይህ ነው፤ የታይለሯ ኦፕሬተር የተነፈገችውም ይኸው ነው።

ኤፒክስ በነጻ ይገኛል፤ ምንም አክስለሬተር በሌለበት በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሊሞከር ይችላል። ስለዚህ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ማሽን እስኪገዛለት መጠበቅ የለበትም። ምናባዊ ማግኔትና ምናባዊ መለኪያ ሠርቶ፣ ማስጠንቀቂያውን ጽፎ፣ የኮምፒውተር ትምህርት ያልተማረ ሰው ፊት ያስቀምጠው፤ ሰውየው የቱ ጋ ቆም እንደሚል፣ የቱ ጋ ሳያነብ እንደሚያልፍ አጠገቡ ሆኖ ይይ። መምህራኑም የተግባር ልምምዱን ከቢሮ አውጥተው ወደ ሆስፒታልና ወደ ኃይል ማሠራጫ መቆጣጠሪያ ክፍሎች ይውሰዱት።

የጨረር ማሽን የሚገዙልንም አንድ ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ማሽኑን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ በግዥ ኮሚቴው ውስጥ ይቀመጥ፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱ የስሕተት መልእክት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሲመጣም ታካሚዋን ምን ማድረግ እንደሚገባ ሻጩ በጽሑፍ ያስረክብ። ‹ቀጥል› የሚለው ቁልፍ የትኛው መልእክት ሲመጣ እንደሚሠራ፣ የትኛው ሲመጣ እንደሚቆለፍም እዚያው ይጻፍ።