ጅብ ከሄደ ውሻ እንዳይጮህ

በአዊ ዞን ጥርባ ድንች ሸጦ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ገበሬ ከግቢው በኩል ክፉ ወሬ ሲሰማ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ ደህና ነው ወይ? መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከፌስቡክ አለያም ከመናኸሪያ ወሬ ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ስጋቱ ወደ ሌሎች ግቢዎችም ተዛምቶ ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ከስጋቱ እኩል የሮጠው ወሬው ነበር። እንጅባራን ጨምሮ በየክልሉ የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችን በአንድ አጥር ውስጥ ያሳድራሉ። እሳት ቢነሳ፣ ጠብ ቢፈጠር ወይም ወረርሽኝ ቢገባ ለዚህ ሁሉ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ማን፣ በምን፣ ምን ብሎ ይነግረዋል?

ገበያው መልስ አያጣም። ሳይረኑ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የጅምላ አጭር መልእክቱና የስልክ መተግበሪያው ሁሉም ሻጭ አለው። ስህተቱ የሚጀምረው ግን ዕቃው ከአሠራሩ ቀድሞ ሲገዛ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማው ጠዋት 1 ሰዓት ከ15 ገደማ ሲሆን፣ ለተማሪዎች የመጀመሪያው የኢሜይል ማስጠንቀቂያ የወጣው 3 ሰዓት ከ26 ላይ ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ገዳዩ ወደ መማሪያ ሕንፃ ገባ፤ በዕለቱ በጠቅላላ 32 ሰዎች ተገደሉ። ኢሜይሉ ነበረ፣ ኮምፒዩተሩም ነበረ። የጠፋው ፈጥኖ የሚወስን ሰው ነው። አሜሪካ በ2008 ሕጓን አሻሽላ፣ አደጋ መኖሩ እንደተረጋገጠ ሳይዘገይ ማሳወቅንና አሠራሩን ቢያንስ በዓመት አንዴ መፈተሽን ግዴታ አደረገች።

ጎረቤት ኬንያ ደግሞ የሳንቲሙን ሌላ ገጽታ አይታለች። በሚያዝያ 2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች በአሸባሪዎች ከተገደሉ ከቀናት በኋላ፣ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኪኩዩ ግቢ የኤሌክትሪክ ፍንዳታ ጥቃት መስሏቸው ተማሪዎች ከፎቅ ዘለሉ፤ አንድ ተማሪ ሞተ፣ ከመቶ በላይ ተጎዱ። በዚያው ዓመት ኅዳር በስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ የተደረገ የጥቃት ልምምድ እውነተኛ መስሏቸው ከሸሹት መካከል አንዲት ሠራተኛ ሕይወቷ አልፏል። ያልተነገረ አደጋ ይገድላል፤ በቅጡ ያልተነገረ ልምምድም እንዲሁ።

ይህን ለአበሻ ማስተማር አያሻም። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ መንደሩ ምን እንደሆነ ያውቃል። ነፊው የታወቀ ነው፣ የድምፁ ትርጉም የታወቀ ነው፣ ሰምቶ የሚደረገውም የታወቀ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በሚሊዮን ብር ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት እነዚህን ሦስት ነገሮች በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንቱ በስልክ ባይገኝ መልእክት የሚለቀው ማን ነው? ሁለተኛውና ሦስተኛው ተወካይስ?

ወጪውም እንደሚፈራው አይደለም። ለምሳሌ 10 ሺህ ተማሪ ያለው ግቢ በዓመት አሥር መልእክት ቢልክ መቶ ሺህ መልእክት ነው፤ የአንዱ ዋጋ ግማሽ ብር ቢሆን 50 ሺህ ብር ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ መልእክቱ አስቀድሞ፣ አጥሮና ተማሪው በሚገባው ቋንቋ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። በጭንቅ ሰዓት ድርሰት አይጻፍም። የስልክ ቁጥሩም በየሴሚስተሩ ምዝገባ፣ የወላጅ ጭምር፣ መታደስ ይኖርበታል።

በአንድ መንገድ ብቻ መመካት ግን አያዋጣም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ አይረሳም። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ መተግበሪያ ያን ጊዜ ከጌጥ አይተርፍም ነበር። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ሳይረን፣ በየማደሪያው የእጅ ድምፅ ማጉያ የያዘ ተጠሪ፣ እሱም ቢጠፋ ደወል ያስፈልጋል። በጨረታ ሰነዱም ላይ ከዕቃው ዋጋ ጎን ሥልጠናው፣ መለዋወጫውና ዓመታዊ ፍተሻው ይካተት። በዝቅተኛ ዋጋ ተገዝቶ በመጋዘን የሚያድር ሳይረን ከሁሉም ውድ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሽብር ይፈጥራል፣ የተቋሙንም ስም ያጠፋል የሚሉ አስተዳዳሪዎች ይኖራሉ። ስጋታቸው መሠረት የለውም አይባልም፤ የኪኩዩው ድንጋጤ ምስክር ነው። ነገር ግን እዚያ ተማሪውን ከፎቅ ያዘለለው ማስጠንቀቂያ አልነበረም፤ ፍንዳታው የኤሌክትሪክ መሆኑን የሚነግረው አጥቶ ነው። ዝምታ ሲሰፍን ቦታውን የሚይዘው ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ «ችግሩ አልፏል» የሚል መልእክት አይልክም።

የጥርባው አባት ልጁን በአደራ ነው የሰጠው። ከዩኒቨርሲቲው የሚጠብቀው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ በሰዓቱ የደረሰ አንድ አጭር እውነተኛ ቃል ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ቢጮህ ለማን ይበጃል?