የት ልትደርሱ ነው?

ፒያኖ መማር ከጀመርን ዓመት የሞላን የለገጣፎ ልጆች ነን። ፒያኖ ስንል ኪቦርድ ማለታችን ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ። በቀደም ተሰብስበን በዓመቱ የለመድናትን እየተጫወትን እርስ በርስ ተሰማማን። ግራ እጃችን ከቀኙ ጋር ገና አልታረቀም።

ታዲያ ይህን የሰማ ሁሉ «የት ልትደርሱ ነው?» ይለናል። ቅዳሜ ጠዋት ኳስ የሚጫወተውን ጎልማሳ ግን «ለዋልያዎቹ ልትሰለፍ ነው እንዴ?» የሚለው የለም! ማላቡ ይበቃዋል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩስ የት ደረሱ? ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዳይማሩ ተከለከሉ፤ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው የወጣው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ገቢው ደግሞ ለወላጅ አልባ ሕፃናት። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ያረፉት ኢየሩሳሌም ነው። ሙዚቃ የሚማር ሁሉ ሊሸጠው ነው ያለው ማነው?

በሚቀጥለው ወር ተራው የአንቺ ሆዬ ቅኝት ነው። ኪቦርድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁም በእኛው ትሞክራላችሁ።