አንድምታው ወደ ዐውደ ምሕረት ይውጣ
የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን በየቅዳሴው ከጳውሎስ መልእክታት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከግብረ ሐዋርያትና ከወንጌል ይሰማል፤ የትኛው ምንባብ በየትኛው ቀን እንደሚነበብም ግጻዌው ወስኖለታል። ምንባቡን የሚያብራራው አንድምታ ደግሞ ለዘመናት በቃል ሲወርድ ቆይቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታተመ፣ ያውም በአማርኛ የተሰናዳ ሀብት ነው። ትምህርቱ እንዲህ ተሰናድቶ ሳለ ስብከታችን ብዙ ጊዜ የዕለቱን ምንባብ ሳይነካ ማለፉ ያሳዝነኛል። ትርጓሜ ያለ መምህር ያስታል የሚሉ አባቶች ስጋታቸው እውነት ነው፤ አንድምታው ለአንድ ኃይለ ቃል ሁለትና ሦስት ፍች ሲደረድር፣ አንዱ ሌላውን እንደማያፈርስ የሚያሳይ ሊቅ ያስፈልጋል። ይህ ግን መምህሩን ወደ ዐውደ ምሕረቱ ለማምጣት እንጂ መጽሐፉን ከምእመኑ ለማራቅ ምክንያት አይሆንም። ትርጓሜ በሚሰጥበት መጻሕፍት ቤት ዓመታት ያሳለፈ መምህር በየአጥቢያው አይገኝም፤ በተለይ በገጠር ችግሩ ይብሳል። ቢሆንም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሳምንቱን ወንጌል ከነትርጓሜው አስቀድመው አንብበው ጥያቄያቸውን ይዘው ቢጠብቁ፣ አንድ መምህር እየተዘዋወረ ብዙ አጥቢያዎችን ማዳረስ ይችላል። መጠየቅ በጉባኤ ቤት ነውር አይደለም፤ ለምእመኑስ ለምን ነውር ይሆናል?