«ፈተና ላይ አይመጣም» ያልኩት ጥያቄ

ሰበታ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከየት ነው የሚመጣው?» አለኝ። «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አለፍኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

መልሱ ይኸውላችሁ። በአብዛኞቹ ጄቶች አየሩ የሚቀዳው ከሞተሩ ነው። እዚያ ስለተጨመቀ በጣም ይግላል። መጀመሪያ ከውጭ በሚገባ ብርድ አየር ሙቀቱ ይቀነሳል፣ ደግሞ ተጨምቆ እንደገና ይበርዳል። በመጨረሻ ተርባይን እያሽከረከረ ሲሰፋ ጉልበቱን ይሰጥና ይቀዘቅዛል። እንደ ፍሪጅ የተለየ ጋዝ አይፈልግም፤ አየሩ ራሱ ነው የሚሠራው። አየር መንገዳችን በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ግን አየሩን ከሞተሩ አይቀዳም፤ በቀጥታ ከውጭ ስቦ በኤሌክትሪክ መጭመቂያ ይጨምቀዋል።

ከባድ ነው? ጎሚስታ ቤት ሂዱ። በእጅ ፓምፕ ጎማ ሲነፋ ፓምፑ ይሞቃል፤ አየሩ ሲተነፍስ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ያው ፊዚክስ ነው!

መምህራን ጓደኞቼ፣ ቀመር የሸመደደ ተማሪ ሞልቶናል፤ የሚጠይቅ ነው ያጣነው። እሱንም ዝም የምናሰኘው እኛው ነን። መልሱን ካላወቅን «ነገ አንብቤ እመጣለሁ» ማለት ምን ነውር አለው?

ያ ተማሪዬ፣ ይሄን ካነበብክ መልስህ ይኸው። ስለዘገየሁ ይቅርታ።