መሣሪያው ይገዛል፤ ልምዱስ?

«ገንዘብ ካለ ጥበብ ይገዛል» ለሚሉ ጓደኞቻችን አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 በሆላንዱ ኤኤስኤምኤል ላይ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ለማዋል ሲዋዋል፣ አንዱ ዓላማው በ13.5 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ቺፕ የሚያትመው መሣሪያ ቶሎ እንዲደርስ ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያው ገና አልበሰለም ተብሎ፣ 10 ናኖሜትር የተባለውን ቺፕ በአሮጌው የ193 ናኖሜትር ብርሃን ደጋግሞ በማተም ለመሥራት ሲታገል ዓመታት አለፉት። (በሰከንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታ በሌዘር የሚመታ መሣሪያ ቢፈራ አይፈረድም!) የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ግን መሣሪያውን በፋብሪካው ውስጥ ታግሎ አሠለጠነውና በ2019 ለገበያ አመረተበት፤ ኢንቴል የተከተለው በ2023 ነው። እንግዲህ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢንቴል ከዚህም የላቀውን አዲሱን ዓይነት ከሁሉ ቀድሞ መረከቡን ለሚያወድሱ የኛ መልስ፣ ስንት ቺፕ ያለ እንከን ወጣበት የሚል ጥያቄ ነው።