የሚጮህ ሁሉ አያቀዘቅዝም

መቼም ጋዜጠኝነት ተምሬ ስመረቅ አንድ ቀን ስለ ኮምፒውተር ፋን እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ምን ላድርግ፣ ፋኑ ራሱ አስጻፈኝ። እናላችሁ፣ ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን የነበሩትን እማማን ስለ ድሮው ሰፈራችን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀዳኋቸው። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። ማይክራፎኑን ኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጬው ኖሮ፣ ማታ ሳዳምጠው ከእሳቸው በላይ የሚሰማው የኬዙ ፋን ሆኖ አገኘሁት። ጩኸቱን በሶፍትዌር ላጥፋ ብል የእሳቸውን «ሰ» እና «ሸ» አብሮ በላብኝ። ድጋሚ እንዳልቀዳቸው፣ እማማ አሁን የሉም።

ኮምፒውተር የሚጠግንልኝ ልጅ ምክሩ አጭር ነበር፤ «አንዱን ፋን ንቀይው»። እኔ የምለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ጨምሩበት፣ ግን ቀስ ብሎ ይዙር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚያንቀሳቅሰው አየርም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጩኸቱ ግን በ15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ለጆሯችን ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ይመስለናል። ተመሳሳይ ፋን ብትጨምሩበት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ዘገምተኛ ፋኖች የአንድን ችኩል ፋን ያህል አየር እያስገቡ፣ በስሌት 12 ዴሲቤል ያህል ዝም ይላሉ። የድሮዎቹ ባለ 80 ሚሊ ሜትር ፋኖች እንደ ንብ ጥዝ የሚሉትም ትንሽ ስለሆኑ ብዙ መሽከርከር ስላለባቸው ነው። ኬዛችሁ 120 ወይም 140 የሚቀበል ከሆነ ለምን ትሰቃያላችሁ?

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የአየር መጠን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ቁጥሩ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት ሲዞር፣ ከፊቱ ምንም ሳይጋርደው የተለካ ነው። እኛ ቤት ግን የአቧራ ማጣሪያ አለ፣ እሱም በሁለት ሳምንት ብርድ ልብስ ይሆናል። (እጠቡት እንጂ አታውልቁት።) ደግሞም አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፋን ያንኑ ዙር ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው።

ባለ አራት ፒን ፋን ግዙና ፍጥነቱን ከባዮስ ላይ አስተካክሉ። በየደቂቃው ከፍ ዝቅ የሚል ፋን፣ አንድ ወጥ ሆኖ ከሚያጉረመርም ይልቅ ያናድዳል።

እኔ ከፊት ሁለት ባለ 140፣ ከኋላ አንድ ባለ 120 አስገጥሜ ፍጥነታቸውን ዝቅ አደረግኩት። ሲፒዩው ከድሮው በስድስት ዲግሪ ሞቀ። ይሙቅ! 70 ዲግሪ የደረሰ ሲፒዩ አይሞትም፤ ለጥቂት ዲግሪ ብሎ ቤቱን ወፍጮ ቤት የሚያደርገው ሰው ግን አይገባኝም።

ቅዳሜ የእማማን ታናሽ እህት እቀዳለሁ። ለማንኛውም ማይክራፎኑን ሌላ ጠረጴዛ ላይ አድርጌዋለሁ።