የነቀምቴ ቅርስና የየዓመቱ ክረምት

በነቀምቴ የሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈ፣ የእንጨት ሥራ የበዛበት ግቢ ነው። ደጃዝማች ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ቤት የመጀመሪያው ጠላት ዝናብ ነው። የወለጋ ክረምት ረጅም ስለሆነ፣ ጣሪያው ካፈሰሰ ግድግዳው ይርሳል፣ ምሰሶው ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ መፈተሽና የውኃ መውረጃ መጥረግ ዘግይቶ ከሚመጣ ትልቅ እድሳት ይበልጣል። እድሳቱም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል።

በከተማዋ ባለው የወለጋ ሙዚየም ደግሞ መዝገብ ከመደርደሪያ ይቀድማል፤ ከየት እንደመጣና ምን ይሠራበት እንደነበር ያልተጻፈለት ዕቃ ግማሽ ታሪኩን አጥቷል። ይህ ጽሑፍ ያተኮረው በዚሁ የዘወትር ሥራ ላይ ነው። አሮጌ ፎቶግራፍ ያላቸው አንባቢያንም የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀው በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስምና ዘመኑን ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉ።